የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ እናት አባትን በኖሩበት ወግ ማስታመም

በዚህ እትም ያስተናገድናቸው ደብዳቤዎች ከአዲስ አበባ ዳርቻ የተላኩ ናቸው። ጸሐፊዎቹ የማይተዋወቁ ቢሆኑም የሚጠይቁት ተቀራራቢ ነገር ነው፤ ለረጅም ጊዜ የሰው እጅ የሚያስፈልጋቸው እናቶችና አባቶች ሲታጠቡ፣ ሲመገቡ፣ ሲጾሙና ሲያዝኑ የኖሩበት ወግ እንዴት ይጠበቅላቸው? መልሱን የሚሰጡት አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞሩ በመንከባከብ ለብዙ ዓመታት የሠሩት የዐምዳችን ነርስ ናቸው።

ጥያቄ፦ «እናቴ 76 ዓመታቸው ነው። አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የኖሩት ካሳንችስ ሲሆን ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ከእኔ ጋር ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ መኖር ጀመሩ። ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸው ደክሟል፤ የመርሳት ችግሩም እየባሰባቸው ነው። እኔ ሥራ ስለምውል በኤጀንሲ በኩል አስታማሚ ቀጥሬያለሁ። ልጅቷ ደግና ታታሪ ናት፤ ሆኖም እናቴ በእሷ እጅ መታጠብ እምቢ ይላሉ፣ ይጮኻሉ፣ አንዳንዴም ይማታሉ። ሰው ባለበት አይበሉም። ሲመሽ ደግሞ በልጅነታቸው አድአ ገጠር ይናገሩት የነበረውን ኦሮምኛ ብቻ ይናገራሉ፤ እኔ ጥቂት እሰማለሁ፣ ልጅቷ ግን ምንም አትሰማም። ወንድሞቼ ወደ አረጋውያን ማዕከል እናስገባቸው ይላሉ፤ እኔ ግን ሰው ምን ይለናል እያልኩ እጨነቃለሁ።» (ልጃቸው፣ ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ እናትዎ ይህን የሚያደርጉት ልጅቷን ጠልተው ወይም እርስዎን ለማስቸገር ብለው አይደለም። የቋንቋው ነገር ከሕመሙ የመጣ ነው፤ የመታጠቡና የመብሉ ነገር ግን በጨዋነት ካደጉበት ሥርዓት የመጣ ይመስለኛል። ሁለቱም መላ አላቸው።

የመርሳት በሽታ አስቀድሞ የሚወስደው የቅርቡን ነገር ነው። ስለዚህ በኋላ ዕድሜ የተለመደው ቋንቋ እየደከመ ሲሄድ አፍ የፈቱበት ቋንቋ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አማርኛ ሲናገሩ የኖሩ እናት ወደ ልጅነታቸው ቋንቋ ሲመለሱ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ሲመሽ የሚብሰው ድካሙ ስለሚከማች፣ ብርሃኑም ስለሚቀንስ በመሆኑ መብራቱን ገና ሳይጨልም ያብሩላቸው፤ መብራት በሚጠፋባቸው ቀናት ደግሞ ባትሪ ወይም ሻማ አጠገባቸው ይዘጋጅ። ለአስታማሚዋ ደግሞ እርስዎ ከሚያውቁት ኦሮምኛ ዋና ዋናዎቹን ቃላት በግዕዝ ፊደል ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉላት። «ቢሻን» ሲሉ ውኃ መፈለጋቸውን፣ «ና ዹኩባ» ሲሉ የሚያማቸው ነገር መኖሩን ካወቀች፣ ጠዋት ስትገባም «አካም ቡልተን» ብላ በአክብሮት ሰላም ካለቻቸው፣ ከእንግዳ ሰው ጋር የሚያድሩ አይመስላቸውም። ከጎረቤት ኦሮምኛ ተናጋሪ የሆኑ እናት ካሉ በሳምንት አንድና ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና እየጠጡ ቢያጫውቷቸው ደግሞ እጅግ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ግራ መጋባቱ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ከባሰ፣ ወይም ንግግራቸው በድንገት ከተያዘ፣ እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ወይም አዲስ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል።

መብሉን በተመለከተ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቀኝ እጃቸው ከደከመ ጀምሮ በየትኛው እጃቸው ይበላሉ? በግራ እጅ ሰው ፊት መቁረስ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጆቻቸውን «በቀኝህ ብላ» እያሉ ያሳደጉ እናት ይህን ከማድረግ ረኀቡን ይመርጣሉ። በሥራዬ የማውቃቸው አንዲት እናት ሰሃኑ ሲቀርብላቸው «ጠግቤያለሁ» ይሉ ነበር፤ ሰው ከክፍሉ ሲወጣ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ድረስ ስበው በግራ እጃቸው ሲቆርሱ አየኋቸው። ቤተሰቡ የምግብ ፍላጎት የሚያመጣ ቫይታሚን እየገዛ ነበር። ለእናትዎ በምግብ ሰዓት ሁለቱንም እጃቸውን በጆግ ውኃ አስታጥቧቸው፤ የደከመውን ቀኝ እጃቸውን ከሰሃኑ ጠርዝ ላይ አሳርፉላቸው፤ እርስዎ ወይም አስታማሚዋ ከፊታቸው ዝቅ ብላችሁ ተቀምጣችሁ አጉርሷቸው። በራሳቸው መብላት ከፈለጉም ብቻቸውን በሰላም ይብሉ እንጂ ከበር ላይ ቆሞ የሚያያቸው ሰው አይኑር፤ እንዳያንቃቸው ግን ከጆሮ የማይርቅ ሰው ይቅረብ። ከቤተሰቡ ተለይቶ በፕላስቲክ ሰሃን የሚሰጣቸው ከሆነ ያንን አስቀሩት፤ ከገበታ የተባረሩ ያህል ይሰማቸዋል። እንጀራው በመረቅ የራሰ ፍትፍት ይሁን፤ ሲበሉ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ከበሉም በኋላ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ያህል አያስተኟቸው። ሲውጡ የሚያስላቸው ወይም ድምፃቸውን የሚያረጥበው ከሆነ የመዋጥ ችግር ሊኖር ስለሚችል ለሐኪማቸው ይንገሩ።

መታጠቡ ከሁሉ የከበደ ነው። እናትዎ ምናልባት ከእናታቸውና ከባላቸው በቀር ገላቸውን ያየ ሰው የለም። አሁን ግን በወጉ የማያውቋት ልጅ መጥታ በአንድ ጊዜ ልብሳቸውን ስታወልቅባቸው፣ የመርሳቱ ሕመም ተጨምሮበት፣ እየተዘረፉ ወይም እየተዋረዱ ያለ ይመስላቸዋልና ራሳቸውን ይከላከላሉ። መፍትሔው የሰውነትን ክፍል በየተራ ማጠብ ነው። ሌላው አካላቸው በጋቢ ወይም በትልቅ ፎጣ እንደተሸፈነ፣ መጀመሪያ እጃቸው፣ ቀጥሎ እግራቸው፣ በመጨረሻ የተሸሸገው አካላቸው ይታጠብ፤ ልጅቷም የምታደርገውን ሁሉ ከማድረጓ በፊት ትንገራቸው። የተሸሸገውን አካላቸውን ራሳቸው እንዲያጥቡ በውኃ የተነከረ ጨርቅ በግራ እጃቸው ማስያዝ ይቻላል። ሻሻቸው በመጨረሻ ይፈታ፣ ፀጉራቸው እንደታጠበም ወዲያው ይታሰርላቸው። የአንገታቸው ማተብ ረጠበ ወይም ቆሸሸ ተብሎ በመቀስ እንዳይቆረጥ አደራ እላለሁ፤ ይህን በሕክምና ቦታዎችም በቤትም ሲደረግ አይቻለሁ፣ ያዘኑት እናቶች ኀዘንም ቀላል አልነበረም። መቀየር ካለበት በፈቃዳቸው አዲሱ ከታሰረ በኋላ አሮጌው ይፈታ። ለሰዓቱም አስቡበት፤ የኮዬ ፈጬ ጠዋት ብርድ እንደሆነና ውኃውም በፈረቃ እንደሚመጣ ስለማውቅ ውኃው ተሞቆ፣ ክፍሉ ፀሐይ ሲያገኝ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ቢሆን ይሻላል። በየቀኑ ገላ መታጠብም አያስፈልጋቸውም፤ ፊታቸው፣ እጃቸው፣ ብብታቸውና እፍረታቸው በየቀኑ ከጸዳ ሙሉ ገላው በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል።

አንድ ያልጠየቁኝን ነገር ልጨምር። ካሳንችስ ሳሉ እናትዎ እድር፣ ሰንበቴና የቡና ጎረቤት ነበራቸው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አሳንሰር በሌለበት ሕንፃ፣ አንድ ጎናቸው ደክሞ ሲቀመጡ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀርቶባቸዋል። የእድሩ መዋጮ እንዳይቋረጥ ያድርጉ፤ ይህ ለቀብር ብቻ አይደለም፣ ስማቸው ከሰዎቹ መዝገብ አልተፋቀም ማለት ነው። የንስሐ አባታቸውን ስልክ ፈልገው ቤት እንዲመጡ ይለምኑልኝ። የድሮ ጎረቤቶቻቸውም ተበታትነው ቢሆን በበዓል ቀን አንድ ሁለቱ ቢመጡ ከብዙ መድኃኒት የበለጠ የሚያነቃቸው ይሆናል።

የማዕከሉን ጉዳይ በሰው አፍ አይወስኑት። እናትን ወደ መኖሪያ ማስገባት በራሱ መጣል አይደለም፤ በቤት አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ በር ዘግቶባቸው የሚወጣ ቤተሰብም አለና። ይሁን እንጂ እንደ መቄዶንያ ያሉ የበጎ አድራጎት ማዕከላት በዋነኛነት የተቋቋሙት ጧሪ ቀባሪ ላጡና ጎዳና ለወደቁ ወገኖች ስለሆነ፣ ልጆች ያሏቸው እናት ቦታውን እንዲይዙባቸው አልመክርም። በክፍያ የሚሠሩትን ሲጎበኙ ከአልጋው ንጽሕና በተጨማሪ ሴቶችን የሚያጥበው ማን እንደሆነ፣ ኦሮምኛ የሚሰማ ሠራተኛ መኖሩን፣ ካህን መግባት መቻሉንና ሳያስታውቁ መጥተው መጠየቅ ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቁ። ወንድሞችዎንም ስለ ወጪው በግልጽ ያነጋግሯቸው፤ በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ራሳቸውን መርዳት ላልቻሉ ወላጆች ቀለብ የመስጠት ግዴታን በልጆች ሁሉ ላይ ይጥላልና ሸክሙ የእርስዎ ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ «አባቴ 84 ዓመታቸው ሲሆን የመርሳት በሽታ አለባቸው። ታላቅ ወንድሜ ሲሞት መርዶውን በወጉ፣ በማለዳ፣ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ የንስሐ አባታቸው ባሉበት ነገርናቸው። አልቅሰው ለቅሶ ተቀመጡ። አሁን ግን ረስተውት በየቀኑ የት ሄደ ይላሉ። እውነቱን ስንነግራቸው እንደ አዲስ ይወድቃሉ። አክስቴ አባትን መዋሸት ነውር ነው ትላለች። ምን እንበላቸው?» (ከሱሉልታ)

መልስ፦ መርዶ በማለዳና በወገን መካከል የሚነገረው ሰው የልጁን ሞት ብቻውን እንዳይሰማ፣ የሚደግፈውና አብሮት የሚያለቅስ ሰው እንዲኖር ነው። ይህን ለአባታችሁ ፈጽማችኋል፤ ዕዳ የለባችሁም። ሐዘን የሚቀለው ትናንት ማልቀሳችንን ዛሬ ስለምናስታውስ ነው። እሳቸው ግን ያለቀሱትን ስለሚረሱ በነገራችኋቸው ቁጥር የሚሰሙት የመጀመሪያውን መርዶ ነው፤ ያውም ሽማግሌ በሌለበት፣ ምሳ እየበሉ፣ ከአንድ ሰው አፍ። እኔ ይህን መድገም ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

ይህን ስል ግን «አሜሪካ ሄዷል፣ ሊመጣ ነው» የሚል ታሪክ ፍጠሩ ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ታሪክ ደጅ ደጁን እያዩ እንዲጠብቁ ያደርጋቸዋል። የት ሄደ ሲሉ ናፍቆታቸውን መልሱላቸው። «ናፈቀዎት አይደል አባባ? እስቲ ልጅ ሳለ ምን ይመስል እንደነበር ይንገሩኝ» ብትሏቸው፣ ፎቶግራፉንም ብታሳዩአቸው፣ ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ስለ ልጃቸው ማውራት ሆኖ ይገኛል። በጠራ አእምሮ፣ ዐይን ዐይናችሁን እያዩ «ሞቷል ወይ?» ብለው ከጠየቁ ግን አትካዱ፤ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ፣ እጃቸውን ይዛችሁ በለሰለሰ ቃል ንገሯቸው። ቤተሰቡም አስታማሚውም አንድ ዓይነት መልስ ይኑራችሁ፤ አንዱ የሰወረውን ሌላው ሲያፈርጠው የሚጎዱት እሳቸው ናቸው። የሙት ዓመቱ ሲደርስም ይጨነቃሉ ብላችሁ ወደ ሌላ ቤት አታሽሿቸው። የጸሎቱ ዜማ፣ የዘመዱ መሰብሰብና የጠላው ሽታ ለአንድ አፍታም ቢሆን የሐዘናቸውን ቦታ ሊያስገኝላቸው ይችላል።

ለአክስትዎ ይህን ይንገሩልኝ፤ አእምሯቸው የነቃና ነገር የሚያስተውሉ አረጋውያንን «ልባቸው አይችልም» እየተባለ የልጃቸውን ወይም የራሳቸውን ሕመም ለዓመታት መደበቅን እኔም አጥብቄ እቃወማለሁ። የአባታችሁ ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው።

ጥያቄ፦ «ለገጣፎ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የአረጋውያን መኖሪያ አስተባባሪ ነኝ። አብዛኞቹ ኦርቶዶክሳውያን ሲሆኑ ሁለት ሙስሊም አባቶችና አንዲት ፕሮቴስታንት እናት አሉ። ወጪ ለመቀነስ በጾም ወቅት ለሁሉም የጾም ምግብ እናበስላለን። በሌላ በኩል የስኳር ሕመም ያለባቸው ሁለት እናቶች በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ መድኃኒታቸውን ብቻ ይውጣሉ። ሁሉንም ሳናስቀይም እንዴት እንሥራ?» (ከለገጣፎ)

መልስ፦ አስቸኳዩን ላስቀድም። ግሊቤንክላማይድ የሚባለው እንክብልም ሆነ ኢንሱሊን ያለ ምግብ ሲወሰድ የደም ስኳርን ከሚገባው በታች ያወርዳል፤ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ደግሞ አደጋው የበለጠ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ካያችሁ፣ መዋጥ ከቻሉ ወዲያው ስኳር የበዛበት ሻይ ስጧቸው፤ ካልቻሉ በአፋቸው ምንም ሳትጨምሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዷቸው። ሐኪማቸው የመድኃኒቱን ዓይነት፣ መጠንና ሰዓት ከጾሙ ጋር ሊያስማማው ይችል እንደሆነ ጾሙ ከመግባቱ ከሳምንታት በፊት ይጠየቅ። እንዲበሉ የምታግባቡት ግን እናንተ አትሁኑ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሕመምተኛና አቅመ ደካማ በንስሐ አባቱ ፈቃድ ከጾም ወይም ከሰዓት ጾም እንደሚፈታ እናቶቹ ያውቃሉ፤ ከነርስ አፍ ሲሰሙት ግን ፈተና ይመስላቸዋል። ካህኑ መጥተው «በልተሽ ዋጪ» ካሏቸው ነገሩ ያበቃል። ጸበል ለሚጠጡትም እንዲሁ ነው፤ ጸበሉንም መድኃኒቱንም ይውሰዱ፣ የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ኖሮባቸው ፈሳሽ የተመጠነላቸው ከሆነ ጸበሉ ከመጠኑ ላይ ይቆጠር። ረጅም ዘመን ጿሚ የሆኑና ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ እናቶች የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊያገኛቸው ይችላል፤ እጥረቱም እግር ያደነዝዛል፣ የማስታወስ ችሎታንም ይጎዳል፣ ስለዚህ ሐኪሙን አስጠይቁ።

ለሁሉም የጾም ምግብ ማብሰሉን በተመለከተ፣ ሽሮና ምስር ማንንም አያስቀይምም። የሚያስቀይመው አንድ ሰው በገዛ ፋሲካው እንኳ ሥጋ ሳይቀምስ ዓመት ሲዞር ነው። ለሙስሊም አባቶች ሥጋው በሙስሊም እጅ የታረደ፣ ድስቱና ጭልፋው የተለየ መሆን አለበት፤ ይህም በቃል ብቻ የሚነገራቸው ሳይሆን እነሱ የሚያዩት ይሁን። ከሙስሊም ሥጋ ቤት ገዝታችሁ በተለየ ድስት በሳምንት አንድ ቀን ብትሠሩላቸው ወጪው የሚከብድ አይመስለኝም። በረመዳን አቅመ ደካማና ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው እንዳይጾም ሃይማኖታቸው ይፈቅዳል፤ ለእያንዳንዱ ቀን ፊድያ፣ ማለትም አንድ ድሃ ማብላት፣ ይተካዋል። ልጆቻቸው ወይም በአካባቢው ያሉ ኢማም ይህን እንዲያስፈጽሙላቸው ርዷቸው። የአልጋቸውን አቀማመጥም እዩት፤ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ቂብላ፣ ማለትም የሚሰግዱበት አቅጣጫ፣ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ አዘንብሎ ነው። መቆም የማይችል በወንበር ላይ፣ መቀመጥ የማይችል በአልጋው ላይ ሆኖ ይሰግዳልና የሚያስፈልጋቸው ንጹሕ ልብስ፣ ለውዱእ፣ ማለትም ከስግደት በፊት ላለው መታጠብ፣ የሚሆን ውኃና ማንም የማያቋርጣቸው ጥቂት ደቂቃ ነው። ከሽንት ቤት በኋላም በውኃ መታጠብን ስለሚመርጡ ወረቀት ብቻ ሰጥታችሁ አትተዋቸው።

ስለ ፕሮቴስታንቷ እናት ያልጻፉልኝን አንድ ነገር እጠረጥራለሁ። በጋራ ሳሎኑ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ ሃይማኖት ጣቢያ ላይ ብቻ ተከፍቶ ይውላል? ብዙ መኖሪያዎች ውስጥ ያየሁት ይህንን ነው፤ ሌሎቹም ባዕድ ቤት የተቀመጡ ያህል አንገታቸውን ደፍተው ይውላሉ። መዝሙሩም ቁርኣኑም በየክፍሉና በየሰዓቱ ይሁን፤ የእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሰዎችም መጥተው አብረዋቸው እንዲጸልዩ ቀን ይወሰንላቸው። ሳሎኑን ለቡናው ተዉት፤ ቡናው ሁሉንም ያገናኛል።

ደግሞም ማንም ሰው በሃይማኖቱ ስም ብቻ አይመዘን። የማይጾሙ ኦርቶዶክሳዊ፣ ቡና የማይወዱ ሙስሊም አሉ። አዲስ ሰው ሲገባ በመዝገቡ ላይ በምን ስም መጠራት እንደሚወዱ፣ አፍ የፈቱበትን ቋንቋ፣ የሚበሉትንና የማይነኩትን፣ ማን እንዲያጥባቸው እንደሚሹ፣ ካህናቸውን ወይም ኢማማቸውን ወይም መጋቢያቸውን ጻፉ፤ የምትጠይቁትም ልጆቻቸውን ሳይሆን መናገር እስከቻሉ ድረስ ራሳቸውን ይሁን። የቀብራቸውንም ነገር በዚያው ጊዜ በትሕትና ጠይቁ። ሙስሊም ሲሞት በተመሳሳይ ጾታ ሰው ታጥቦና ተከፍኖ ሳይዘገይ መቀበር አለበት፤ ኦርቶዶክሳዊው ፍትሐት ያስፈልገዋል፤ ብዙዎችም ከወላጆቻቸው አጠገብ የሚያርፉበትን ደብር አስቀድመው መርጠዋል። ሌሊት በስምንት ሰዓት ለዘመድ ስልክ እየደወላችሁ ይህን መፈለግ ለማንም አይበጅም።

ጥያቄ፦ «የ22 ዓመት አስታማሚ ነኝ። የማስታምማቸው እናት አንቺ በይኝ፣ እንደ ልጄ ነሽ ብለውኛል፤ ልጃቸው ግን ስትሰማኝ ተቆጣች። የማንን ልስማ?» (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ ልጄ፣ የእናትየውን ስሚ፤ ስማቸው የእሳቸው ነው። ብቻችሁን ስትሆኑ እንዳሉሽ ጥሪያቸው፣ እንግዳና ሐኪም ባለበት ግን «እርስዎ» በያቸው፤ ይህንንም ልጃቸው እንድታውቅ እናትየው ራሳቸው በአንቺ ፊት ይንገሯት። ከዚህ የሚበልጠው ነውር ሌላ ነው። ጠያቂ በመጣ ቁጥር እንደሌሉ ቆጥሮ «ዛሬ አልበላችም፣ ዳይፐሯን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ» እያሉ በላያቸው ላይ ማውራት ነው። ዳይፐር ስትቀይሪ በሩን ዝጊ፣ በሩ የማይዘጋ ከሆነ ነጠላ ጋርጂ፤ ጠያቂዎቹንም እስክትጨርሺ ሳሎን አስቀምጫቸው። ሌሊት የአልጋ ቁስል እንዳይወጣባቸው በየሁለት ሰዓቱ የምታገላብጪያቸው ከሆነም ለልጃቸው ንገሪያትና በሳምንት አንድ ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን የምትሄጂ ከሆነ እሑድን፣ ዕረፍት ጠይቂ።